ለሎጎ ሐይቅ የትኛው ቻርትፕሎተር? ለአክስቴ ልጅ የሰጠሁት መልስ

የአክስቴ ልጅ ጅዳ ነው ያለው። ለዐረፋ ስለሚመጣ "ለጀልባዋ ምን ላምጣላት?" ብሎ ደወለ። አፌን ሳልከፍት ራሱ መለሰው። ባለ 12 ኢንች ቻርትፕሎተር፣ ከነራዳሩ፣ ከነቀይ ባህር ቻርቱ። "አብሽር፣ ሒሳቡ የኔ ነው" አለ።

ጀልባዋ አምስት ሜትር የማትሞላ ፋይበር ናት። ሞተሯ 15 የፈረስ ጉልበት ነው። እሁድ እሁድ ከደሴ የሚመጡ ጓደኞቻችንን ይዘን ሎጎ ላይ እንንሸራሸራለን። ቆሮሶ ከተገኘ እናጠምዳለን። ራዳር ብንሰቅልባት ወደ አንድ ጎን ትተኛለች።

በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው አልኩ። ደግሞም እሱ ብቻ አይደለም የሚጠይቀኝ። ባህር ዳር፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ ጀልባ ያላቸው ሰዎችም ይጠይቁኛል። ዱባይ በነበርኩበት ጊዜ ለመዝናኛ ጀልባዎች ኤሌክትሮኒክስ የሚገጥም ሱቅ ውስጥ ሠርቻለሁ። ቀዳዳ የበሳሁት፣ ሽቦ የጎተትኩት እዚያ ነው። ዛሬ የምኖረው ሎጎ ዳር ያለችው ሐይቅ ከተማ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ውሃ አውቃለሁ።

ለማያውቀው፣ ቻርትፕሎተር ጂፒኤስ ያለው፣ ውሃ የማያስገባ ስክሪን ነው። ያላችሁበትን ቦታ በባህር ቻርት ላይ ያሳያል። የባህር ቻርት የመኪና ካርታ አይደለም። ጥልቀት፣ አለት፣ ቦያ (ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ምልክት)፣ የወደብ መብራት፣ መልሕቅ የሚጣልበትና የማይጣልበት ቦታ ነው የሚያሳየው። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ሶናርም አላቸው። ትራንስዲዩሰር የሚባል ጆሮ ከጀልባዋ ኋላ ውሃ ውስጥ ይገባል። ድምፅ ወደ ታች ይልካል፣ ሲመለስ ጥልቀቱን ያሰላል።

እንግዲህ ገዢው የሚገዛው ሁለት ነገር ነው፤ መሣሪያውንና ቻርቱን። ሻጭ ሁልጊዜ የሚያሳያችሁ መሣሪያውን ነው። ስክሪኑ ያበራል፣ ጣት ሲነካው ይታዘዛል፣ ልብ ይሰርቃል። እኔ ግን ቻርቱን አስቀድሙ እላለሁ። ምክንያቱም አንዱ መሣሪያ የሌላውን ቻርት ሁሉ አይቀበልም። መሣሪያ ሠሪው ጋርሚን ቻርት ሠሪውን ናቪዮኒክስን እ.ኤ.አ. በ2017 ገዝቶታል። ሎውራንስ፣ ሲምራድና ቢ ኤንድ ጂ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ሲ-ማፕ የሚባለው ቻርትም እዚያው ቤት ነው ያለው። ሬይማሪን ላይትሃውስ የሚባል የራሱ ቻርት አለው። የምትሄዱበትን ውሃ በደንብ የለካው የትኛው ቻርት እንደሆነ ሳታዩ መሣሪያ ከገዛችሁ፣ ኋላ ላይ ቻርቱን የሚመርጥላችሁ መሣሪያው ነው።

ለማየት ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ናቪዮኒክስ በድረ ገጹ ላይ በነጻ የሚታይ ቻርት አለው። ክፈቱት፣ የራሳችሁን ውሃ ፈልጉ፣ አቅርቡ። የጥልቀት ቁጥርና የጥልቀት መስመር ካለ ጥሩ። ዳርቻው ተሰምሮ መሃሉ ወጥ ሰማያዊ ብቻ ከሆነ ግን ልትገዙ ያሰባችሁት ሰማያዊ ቀለም ነው። ለትንንሽ የደጋ ሐይቆች የምትጠብቁት ይሄንን ይሁን።

አሁን የአክስቴ ልጅ የቀይ ባህር ቻርት ለምን ፈለገ? እሱ ቤት ቁጭ ብሎ ሲያየው ያምራል። ሎጎ ላይ ግን ምንም አይሠራም። የቻርት ካርድ የሚሸጠው በክልል ተቆርሶ ነው፤ ከክልሉ ውጪ ስትወጡ የሚቀራችሁ መሣሪያው ይዞት የመጣው ሻካራ ካርታ ነው።

ለቀይ ባህር ቢሆንስ? ጅዳ ጀልባ ቢገዛ የምነግረው ሌላ ነው። እዚያ ቻርቱ ነፍስ ነው። ኮራል የሚባለው የባህር ውስጥ አለት በድንገት ነው ከታች የሚወጣው። ደግሞ ቻርት አለኝ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ መቼ ተለካ የሚለው አለ። ቀይ ባህርን በሥርዓት መለካት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1829 የእንግሊዙ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከቦች ናቸው፤ እርሳስ በገመድ እያወረዱ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ በዘመናዊ መሣሪያ ተለክቷል፣ ሁሉም ቦታ ግን እኩል አይደለም። ለዚህም ነው ይፋዊ ኤሌክትሮኒክ ቻርቶች ውስጥ የልኬቱን ታማኝነት የሚናገር ደረጃ ያለው። ኤ1 ከሆነ ቦታው በ5 ሜትር ውስጥ ትክክል ነው። ቢ ከሆነ በ50 ሜትር። ሲ ከሆነ በ500 ሜትር። ጂፒኤሳችሁ በጥቂት ሜትር ልክ ቢሆንም አለቱ በ500 ሜትር ሊሳት ይችላል ማለት ነው። ይሄንን ደረጃ የሚያይ ደንበኛ ዱባይ ብዙም አላጋጠመኝም።

ቻርት ያረጃልም። የፓልም ጁሜይራ ግንባታ እ.ኤ.አ. በ2001 ነው የተጀመረው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቻርት ላይ ያ ሁሉ ቪላ የቆመበት ቦታ ባዶ ባህር ነው። ያገለገለ መሣሪያ ከነካርዱ ገዝቶ የሚመጣ ደንበኛ ነበር፤ ካርዱን ስንከፍተው ደሴቶቹ አልተወለዱም። ስለዚህ ያገለገለ መሣሪያ ግዙ፣ ችግር የለውም። የካርዱን ዋጋ ግን አብራችሁ አትክፈሉ። አዲሶቹ ቻርቶች ደግሞ በዓመት ደንበኝነት ነው የሚታደሱት፣ ያንን አስቡበት።

ስለ ማጉላትና ማሳነስም አንድ ነገር ልበል። የአብዛኛው ሰው መሣሪያ ላይ ያለው ቻርት ቬክተር የሚባለው ነው። ስታርቁት ዝርዝሩን ይደብቃል፣ ስታቀርቡት ያወጣዋል። ኅዳር 2007 ዓ.ም. ላይ ቬስታስ ዊንድ የተባለች የውድድር ጀልባ ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ፣ ከሞሪሺየስ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በሌሊት ኮራል ላይ ወጣች። ዘጠኝ ሰው ነበረባት፣ ሁሉም ተርፈዋል። ጀልባዋ የሌላት መሣሪያ አልነበረም። ቻርቱንም ይዛለች። መንገዱን ሲያቅዱ ግን በበቂ አላቀረቡትም፤ በራቀው እይታ ደግሞ ኮራሉ በአግባቡ አይታይም ነበር። ባለሙያ መርከበኞች ናቸው እንግዲህ። ትልቅ ስክሪን የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ዝርዝሩንም አካባቢውንም አንድ ላይ ታያላችሁ። ለክፍት ባህር 12 ኢንች ቢላችሁ አልከራከርም።

ወደ ሎጎ እንመለስ። ሎጎ ጥልቅ ሐይቅ ነው። ተለክቶ የተጻፈው ትልቁ ጥልቀት 88 ሜትር ገደማ ነው። ከአርድቦ ሐይቅ በኩል አንከርከሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከሱ የሚወጣ ወንዝ ግን በምድር ላይ አይታይም። ክረምት ከፍ፣ በጋ ዝቅ ይላል። አለትና ኮራል አያሳስበንም። የሚያሳስበን መረብ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ የዘረጉት መረብ በባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው የሚታወቀው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳና ውሃው ሲንከባለል ጠርሙሱ አይታይም። ፕሮፔለሩ መረቡን ከጠቀለለ የእናንተ እሁድ አለቀ፣ የሰውየውም እንጀራ ተቆረጠ። ይሄንን የትኛውም ቻርት አይነግራችሁም።

የሚነግረኝ አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ አሉ። "ጋሼ፣ መረቡን በየት በኩል ነው የሚያገኙት?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ያቺን ዛፍ ታያታለህ?" አሉኝ። "ከኋላዋ ካለው የተራራ ጎደሎ ጋር ትገጥማለች። በዚህ ደግሞ የእስጢፋኖስ ገዳም ጫፍ ከዚያ ቆርቆሮ ጋር ይገጥማል። ሁለቱ እኩል ሲገጥሙልኝ መረቤ እግሬ ስር ነው።"

የባህር ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ሁለት መስመር ሲቆራረጥ አንድ ቦታ ይሆናል። በቻርትፕሎተሩ ያንን ቦታ ምልክት አድርጌ አሳየኋቸው። ስክሪኑን አዩት፣ ዛፏን አዩ፣ እንደገና ስክሪኑን። "ልጄ፣ ይሄ የኔን ያህል ያውቃል" አሉ። "ግን ባትሪ ይበላል።" እውነታቸውን ነው። ክረምት ጠዋት ጉም ሲወርድ ግን ዛፏም ቆርቆሮውም አይታዩም። ያኔ ያ ምልክት ዋጋ አለው።

ለእኛ ዓይነት ሐይቅ የሚገዛው እንግዲህ ቻርት የሚቀበል ሳይሆን ቻርት የሚሠራ መሣሪያ ነው። ጋርሚን ክዊክድሮው የሚለው አለው። ሃሚንበርድ ኦቶቻርት ላይቭ ይለዋል። ሎውራንስም ጀነሲስ ላይቭ አለው። ሥራቸው አንድ ነው። ጀልባዋ ስትሄድ ሶናሩ ጥልቀት ይለካል፣ ጂፒኤሱ ቦታ ይይዛል፣ መሣሪያው ሁለቱን አገጣጥሞ የጥልቀት መስመር እያሰመረ ይሄዳል። ደስ የሚለው እዚያው ዓይናችሁ ሥር መሳሉ ነው። ከሄዳችሁበት በስተኋላ ሰማያዊው በመስመር ይሞላል። የጋርሚን ስትራይከር ፕላስና ስትራይከር ቪቪድ ርካሽ ናቸው፤ የተገዛ ቻርት አይቀበሉም፣ ክዊክድሮው ግን አላቸው። ለባህር አልመክራቸውም። ለሎጎ ግን ልክ ናቸው።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀስ ብላችሁ፣ እንደ ሚታረስ መሬት ትይዩ እየተመላለሳችሁ ነው። ከዳርቻው አጠገብ መስመሮቹን አቀራርቡ፤ የሎጎ ዳር በብዙ ቦታ ቶሎ ወደ ጥልቅ ይወርዳል። መሃል ላይ ሰፋ ማድረግ ይቻላል። በሁለት መስመር መካከል ያለው ግን የማሽኑ ግምት መሆኑን አትርሱ። ያልሄዳችሁበትን ቦታ አልለካችሁትም።

ከመጀመራችሁ በፊት የውሃውን ከፍታ መያዝ አለባችሁ። ባህር ላይ ቻርት የሚሠራው ከአንድ ዝቅተኛ የውሃ ወለል ተነስቶ ነው። እኛ የባህሩ በየቀኑ ሞልቶ መጉደል ባይኖረንም በጋና ክረምት አለን። ዳር ላይ ካለ የማይነቃነቅ ድንጋይ ምረጡና ውሃው የደረሰበትን በቀለም አስምሩ። ነሐሴ ላይ የለካችሁትን ግንቦት ላይ ስታነቡ ልዩነቱን ከድንጋዩ ታዩታላችሁ።

ሴቲንጉ ውስጥ ሁለት ነገር ነካ አድርጉ። አንደኛው የጥልቀቱ መለኪያ ነው። ከሳጥኑ ሲወጣ በሜትር ሳይሆን "ፊት" በሚባለው የእንግሊዝ ጫማ የተሞላ መሣሪያ ይኖራል። ስድስት ሲል ስድስት ሜትር መሰላችሁ? ስድስት ፊት ሁለት ሜትር አይሞላም። ሁለተኛው የውሃው ዓይነት ነው። ድምፅ ጨው ውሃ ውስጥ ከጨው አልባው ትንሽ ይፈጥናል። ሎጎ ላይ በጨው ውሃ ሴቲንግ ከሄዳችሁ መሃሉ ላይ የሁለት ሜትር ያህል ስህተት ታያላችሁ። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ገመድ በየሜትሩ ቋጥራችሁ ድንጋይ አስራችሁ አውርዱ። አሮጌ ዘዴ ነው፣ አይዋሽም።

አሁን ልቤ የሚወደውን ላውራ። የቀያሽ ጓደኛ አለኝ። ቤቱ የድሮው የካርታ ሥራ ድርጅት ያሳተመው 1፡50,000 ካርታ አለ። ሐይቁ፣ ገዳሙ፣ መንገዱ ሁሉ አለበት። "ከዚህ ላይ ቁጥሩን አንብበን መሣሪያው ላይ ብንሞላውስ?" አልኩት። ሳቀ። "ሙላውና እይ" አለኝ። ከደቡቡ ዳርቻ አጠገብ ውሃ ውስጥ ያለ ነጥብ መረጠ። የዩቲኤም ቁጥሩን፣ ማለትም ቦታውን በሜትር የሚገልጸውን የካርታ ቁጥር፣ አነበበልኝ፣ ሞላሁት። ነጥቡ የሰው ማሳ ላይ ወጣ።

ምክንያቱ ዳተም የሚባለው ነው። የድሮ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ላይ ነው። ጂፒኤስ የሚሠራው በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። ሁለቱ ምድርን የሚለኩበት መነሻ ይለያያል። በእኛ አካባቢ የአዲንዳኑን የዩቲኤም ቁጥር እንዳለ ጂፒኤስ ላይ ብትሞሉት ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይሸሻል። ቻርትፕሎተሩ ግን የሞላችሁለትን ሁሉ በልበ ሙሉነት ያሳያችኋል፤ አይጠራጠርም። ብዙ መሣሪያዎች ሴቲንግ ውስጥ የዳተም ዝርዝር አላቸው፣ አዲንዳንም እዚያ አለ። ከአሮጌ ካርታ ላይ ነጥብ ስታስገቡ ወደ አዲንዳን ቀይሩ፣ ሲያልቅ ወደ ደብሊው ጂ ኤስ 84 መልሱ። ኢንተርኔት ላይ "የሐይቁ ነጥቦች" ብሎ የሚለጥፍ ሰው ካጋጠማችሁም መጀመሪያ የምትጠይቁት ዳተሙን ይሁን።

ሶናሩን ስትመርጡ በሚያምረው ሥዕል አትሳቡ። ጎን ለጎን የሚቃኘውና ፎቶ የሚመስል ምስል የሚያወጣው ሶናር በከፍተኛ ድግግሞሽ ነው የሚሠራው፤ 455 ወይም 800 ኪሎኸርዝ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ጥልቅ ግን አይወርድም። የሎጎ መሃል ላይ በ800 ባዶ ስክሪን ልታዩ ትችላላችሁ። 200 ወይም 83 ኪሎኸርዝ ያለው ተራ ሶናር ግን ታቹን ያገኘዋል። እንደ ዝዋይ ላለ ጥልቀት ለሌለው ሐይቅ የጎን ቃኚው ያምራል፣ አልከለክልም።

ራዳር ለሎጎ ቀልድ ነው። ኤአይኤስ የሚባለው፣ መርከቦች ስማቸውንና አቅጣጫቸውን የሚያስተላልፉበት፣ ዱባይ ላይ ሕይወት ያድናል፤ እዚህ የሚያስተላልፍ መርከብ የለም። ስልክስ? ስልክ ላይ የሚጫን ኦፕንሲፒኤን የሚባል ጥሩ የቻርት ፕሮግራም አለ፤ የናቪዮኒክስም አፕ አለ። ለመማር ግሩም ናቸው። ስልክ ግን በቀትር ፀሐይ ይግላል፣ ስክሪኑ ይጠፋል፣ በእርጥብ ጣት አይታዘዝም። ለዚሁ ስል ቁልፍ ያለውን መሣሪያ እመርጣለሁ። ዓሣ የነካ እጅና ንክኪ ስክሪን አይስማሙም።

ኤሌክትሪኩ ቀላል ነው። እነዚህ መሣሪያዎች 12 ቮልት ነው የሚፈልጉት። ባለ 7 ኢንቹ አንድ አምፔር ገደማ ይስባል፣ ባለ 12ቱ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። የባጃጅ ባትሪ ለ7ቱ ቀኑን ሙሉ ይበቃል፤ ሐይቅም ኮምቦልቻም የትም ይገኛል፣ ማታ ቻርጅ ማድረግ ነው። ፊውዙን ግን አትዝለሉ። መመሪያው ላይ ስንት አምፔር እንደሚል አይታችሁ ለባትሪው ቀረብ አድርጉት። ትራንስዲዩሰሩን ደግሞ ከፕሮፔለሩ ራቅ አድርጋችሁ እሰሩት፣ አረፋ ከሄደበት መስማት ያቆማል።

ሌላ ላክልበት የምፈልገው ገዳሙን ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ስሙ የገነነ ቤት ነው፤ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት። ድሮ ደሴት ነበር፣ አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል። እኔ ቻርቴ ላይ ዙሪያውን መስመር አስምሬ ማንቂያ ሠርቼበታለሁ። ጀልባዋ ስትቀርብ ጢው ይላል፣ ሞተሩን ቀንሼ እርቃለሁ። ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡምና እንግዳ ይዛችሁ "እንውረድ" የሚል ጭቅጭቅ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ተናገሩ።

ለአክስቴ ልጅ በመጨረሻ የላክሁለት መልእክት ይሄ ነው። ባለ 7 ኢንች፣ ቁልፍ ያለው፣ የራሱን ቻርት የሚሠራ። ሶናሩ 200 እና 83 ኪሎኸርዝ። የቻርት ካርድ አትግዛ፣ በሱ ፋንታ ትርፍ ፊውዝና የስክሪን መሸፈኛ አምጣ። ደረሰኙን ያዝ፣ ጉምሩክ ስለ ጂፒኤስ መሣሪያ ምን እንደሚል ሳትነሳ ጠይቅ። ሳጥኑ ላይ ያለውን ጽሑፍም በደንብ አንብብ፤ አንድ ዓይነት መሣሪያ ከነትራንስዲዩሰሩም ያለ ትራንስዲዩሰርም ይሸጣል፣ ርካሹ ያለሱ የሆነው ነው። "እሺ" አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ራዳሩንስ በቃ ተውነው?" ብሎ ጻፈልኝ።